በጃፓን ምግብ ቤት የግል ክፍል ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኪዮቶ ውስጥ ሪዮቴይ የሚባሉ ነባር ምግብ ቤቶች አሉ። እዚያ እንግዳ ከሌላ ሰው ጋር አይደባለቅም፤ የራሱ ክፍል ይሰጠዋል። ወለሉ ታታሚ የሚባል የሣር ምንጣፍ ነው፣ በሩ ተንሸራታች ነው። ካይሴኪ የሚባለው ምግብ በትንንሽ ሳህን ተራ በተራ ይገባል። ክፍሉም ምግቡም የሚሰናዳው እርስዎ ሳይደርሱ ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህን ካለማሰብ ይመስለኛል።

ለእኛ ሰው ትልቁ ስህተት ጾምን እዚያው ደርሶ መናገር ነው። የጃፓን ምግብ መሠረቱ ዳሺ የሚባል መረቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ኮምቡ ከሚባል የባሕር ተክልና ከደረቀ ዓሣ ይሠራል። ሾርባው ውስጥ አለ፤ የተቀቀለው አትክልት ውስጥ አለ፤ ማጥቀሻው ውስጥም ይገባል። ስለዚህ «ዓሣ አልበላም» ማለት ብቻውን አይበቃም። ቦታ ሲያስይዙ «መረቁም የዓሣ አይሁንብኝ» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ሙስሊም ከሆኑ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥና ሚሪን የሚባለውን ጣፋጭ የማብሰያ መጠጥ ይጥቀሱ፤ ሁለቱም አልኮል አለባቸው፣ ለማብሰያም ይውላሉ። «መቀየር አንችልም» ቢሏችሁ አትቀየሙ። በጾም ወቅት እኔ የምመክረው ሾጂን ሪዮሪን ነው። የቡድሂስት መነኮሳት ምግብ ነው። ሥጋም ዓሣም የለበትም፤ መረቁ ከኮምቡና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል። ኪዮቶ ውስጥ የሚያቀርቡት ቤቶች አሉ።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም። ምግቡ የሚገዛው በእናንተ ቁጥር ልክ ነው። በዕለቱ የቀረ ሰው ሙሉ ሒሳብ ሊጠየቅ ይችላል።

ጫማ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መግባት ለለመደ ሰው በር ላይ ማውለቁ አይከብድም። የሚስተው ነጠላ ጫማው ነው። ለኮሪደሩ የሚሰጠው ነጠላ ጫማ ታታሚው ላይ አይወጣም። የመጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን አድርጎ መመለስ ያሳፍራል። ንጹሕ ካልሲ ያድርጉ። ደፉንና የታታሚውን ጠርዝ አይርገጡ።

ክፍሉ ውስጥ ቶኮኖማ የሚባል ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለ ጥግ አለ። የተሰቀለ ጽሑፍ ወይም ሥዕል፣ አበባም ይቀመጥበታል። ቦርሳ ማስቀመጫ ይመስላል፤ አይደለም። ለወቅቱ ተመርጦ የተሰናዳ ነው፤ ከመቀመጥዎ በፊት ቢያዩትና አንድ ቃል ቢናገሩ ደስ ይላቸዋል። ከፊቱ ያለው ቦታ የክብር ቦታ ነው፤ ዘለው አይቀመጡ። ጋባዡ በሩ አጠገብ ይሆናል። ተንበርክኮ መቀመጥ ካቃተዎት እግር ማጠፍ ይቻላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናትዎን ይዘው ከሄዱ ግን አስቀድመው ወንበር ይጠይቁ።

ሽቶ ይቅር። የሾርባው ክዳን ሲነሣ የሚወጣው መዓዛ የምግቡ ግማሽ ነው። ቀለበትና አምባርም ላከር የሚባል የሚያብረቀርቅ ቅብ የተቀባውን ሳህን ይጭራል።

ጉርሻ! በቾፕስቲክ ለጓደኛ ቾፕስቲክ ምግብ ማቀበል ፈጽሞ አይደረግም። ጃፓኖች አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱን የሚያነሡት በቾፕስቲክ እየተቀባበሉ ነው። ማካፈል ካማራችሁ በትንሽ ሳህን አድርጉ። ሩዝ ላይ ቾፕስቲክ መሰካትም እንዲሁ ሐዘንን ያስታውሳል፤ ለሞተ ሰው የሚቀርብ ሩዝ እንደዚያ ነውና።

ሌላኛው ጉርሻ፣ የአስተናጋጁ፣ እሱም አይሰጥም። ብዙ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያውን ሒሳቡ ላይ ይጨምሩታል። ጠረጴዛ ላይ ብር ቢተዉ ሮጠው ሊመልሱልዎት ይችላሉ። ይልቅ «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» ይበሉ፤ ስለ ምግቡ ማመስገኛ ነው። ሲወጡ የቤቱ እመቤት በር ላይ ቆማ ከዓይኗ እስኪሰወሩ ትሸኝዎታለች። መንገዱ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው አንዴ ጎንበስ ይበሉላት።