መሬት ላይ የወደቀውን ዋልነት አትለፉት

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሰፈር ውስጥ ስትሄዱ ቴኒስ ኳስ የሚያክል አረንጓዴ ፍሬ መሬት ላይ ታያላችሁ። ብላክ ዋልነት ነው። ከጠንካራው ቅርፊት ውስጥ ያለው ፍሬ ይበላል! ዛፉ ሰው ግቢ ውስጥ ከሆነ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ፓርክ ከሆነ መልቀም መፈቀዱን አረጋግጡ።

እንደለቀማችሁ አረንጓዴውን ልጣጭ ቶሎ አንሱለት። ከቆየ ጥቁሩ ጭማቂ ወደ ውስጥ ይዘልቅና ጣዕሙን ያበላሸዋል። ጓንት አድርጉ፣ የምሬን ነው፤ ቀለሙ እንደ እንሶስላ እጅ ላይ ይቀራል፣ በሳሙና ብትፈትጉት አይለቅም። ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። የሚንሳፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ወይም የተበላሸ ስለሆነ አውጡና ጣሉት፣ የሰመጠውን ደህና አድርጋችሁ እጠቡ። እጣቢውን ግን ቲማቲም የተከላችሁበት እንዳትደፉት፣ ተክሉን ይጎዳዋል።

ማድረቁ ላይ አትቸኩሉ። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ፣ ሳይደራረብ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት አስጡት (ሽኮኮ እንዳይደርስበት አደራ)። አንዱን በመዶሻ ስበሩና እዩ፤ ቅርፊቱ ድንጋይ ስለሆነ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ውስጡ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ እንደ ላስቲክ ከተለመጠ ገና ነው። የሻገተ ካገኛችሁ አትቅመሱት።

ከነቅርፊቱ መረብ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ካስቀመጣችሁት የብርዱን ወራት በደንብ ያልፋል። የተፈለፈለው ግን ዘይታም ስለሆነ ውጭ ሲቆይ ሽታው ይቀየራል። እሱን ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። እንግዳ ስትጋብዙ ደግሞ የለውዝም ሆነ የዋልነት አለርጂ እንዳለበት ቀድማችሁ ጠይቁ።