ናይትሊ ቴስት ሲወድቅ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ናይትሊ ቴስት ኮዳችንን ገና በይፋ ካልወጡ የላይብረሪ ቨርዥኖች ጋር ሌሊት ሌሊት ይፈትሻል። የፓይተን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ የሆነው ኑምፓይ ነገ የሚሰብርብንን ዛሬ እንድናይ ነው። ችግሩ፣ ጠዋት ቀይ ሆኖ፣ ማለትም ወድቆ ስናገኘው ጥፋቱ የእኛ ይሁን፣ የኑምፓይ ይሁን ወይስ የኢንቫይሮንመንቱ (ኮዱ የሚሠራበት የተጫኑ ፓኬጆች ስብስብ) ቶሎ አይለይም። ከታች ያሉት ምልክቶች በፓይተን ፕሮጀክቶች ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙ ናቸው።

ምልክት፦ ኮዱን ማንም አልነካም፣ የሁሉም ሰው ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ግን ወደቀ።

ዋናው ቴስትና ናይትሊው አንድ ኢንቫይሮንመንት ይጋራሉ ማለት ነው። ዶክመንቴሽን ላይ አንዲት ፊደል ያረመ ሰው በማያውቀው ነገር ቀይ ይሰጠዋል። ያ ሰው ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። የቴስት ኢንቫይሮንመንት በሚያዘጋጁት በቶክስ ወይም በኖክስ ሁለት ለዩ። ለፑል ሪኩዌስት ቨርዥኑ የተቆለፈ ይሁን፤ ለናይትሊው ደግሞ ሳይቆለፍ፣ በየሌሊቱ ከባዶ የሚሠራ። ናይትሊው ላይ ካሽ (ካለፈው ጊዜ የተቀመጠ ፋይል) ባትጠቀሙ ይሻላል። ፒፕ የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ ነው፤ የተጫኑትን ከነቨርዥናቸው የሚዘረዝረውን የፒፕ ፍሪዝን ውጤት በየቀኑ አስቀምጡ። ቴስቱ የወደቀ ቀን የትናንቱንና የዛሬውን ስታስተያዩ፣ የተለወጠው ፓኬጅ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት አይበልጥም።

ምልክት፦ «በኑምፓይ 1 የተገነባ ሞጁል በኑምፓይ 2 ላይ አይሠራም» የሚል ስህተት።

ኑምፓይ 2.0 በሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ብዙዎች ያዩት ነው። አንዱ ፓኬጅ አዲስ፣ ሌላው በአሮጌው ኑምፓይ ኮምፓይል የተደረገ (ወደ ማሽን ኮድ የተቀየረ) ሲሆን ይመጣል። ስለዚህ ኑምፓይን ብቻ ከናይትሊ አታምጡ። በኑምፓይ ላይ የተገነቡትን ሳይፓይንም ፓንዳስንም አብራችሁ ውሰዱ፤ አናኮንዳ በሚባለው የፓኬጅ ማከማቻ ላይ ሳይንቲፊክ ፓይተን ናይትሊ ዊልስ የሚባለው ቻናል የተከፈተው ለዚሁ ነው። የራሳችሁ ሲ ኮድ ካለ ደግሞ ፒፕ ሲገነባ ለብቻው ጊዜያዊ ኢንቫይሮንመንት እንደሚፈጥር አትርሱ። እናንተ የጫናችሁትን ኑምፓይ አያይም። ያንን ልማዱን የሚያጠፋውን ኖ ቢልድ አይሶሌሽን የሚል የፒፕ ምርጫ ተጠቀሙ።

ምልክት፦ ምንም ምልክት የለም። ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ናይትሊያችን ለሳምንታት ሳይወድቅ ቆየና ደስ ብሎን ነበር። ሎጉን ስከፍት የተጫነው ኑምፓይ ተራው፣ የወጣው ቨርዥን ሆኖ ተገኘ። አንዲት ትንሽ ፓኬጅ «ከ2 በታች» ብላ ስለከለከለች ፒፕ ድምፁን ሳያሰማ ወደ ኋላ ወርዶ ነበር። ገና ያልወጡ ቨርዥኖችን የሚፈቅደውን ፕሪ የሚለውን የፒፕ ምርጫ መርሳትም ያው ውጤት አለው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከቴስቱ በፊት ቨርዥኑን የሚያነብ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ቁጥሩ ውስጥ ያልወጣ ቨርዥን መሆኑን የሚያሳየው «ዴቭ» የሚል ቃል ከሌለ እዚያው ይውደቅ። ማን እንደከለከለ ለማወቅ፣ ናይትሊውን ኑምፓይ በመጨረሻ ኖ ዴፕስ (ተያያዥ ፓኬጆችን አትጫን) በሚለው ምርጫ ጫኑትና የማይጣጣሙትን የሚፈልገውን ፒፕ ቼክን አስሂዱ። የከልካዩን ስም ይነግራችኋል።

ምልክት፦ ናይትሊው ጭራሽ አልተነሳም።

ጊትሃብ ላይ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ውስጥ ለ60 ቀናት እንቅስቃሴ ከሌለ፣ በሰዓት የሚነሱ ሥራዎች ይዘጋሉ። አክሽንስ የሚለው የሪፖው ገጽ ገብታችሁ መልሳችሁ አብሩት። ሰዓቱን ስትሞሉ ደግሞ ክሮኑ (የሰዓት ቀጠሮው) የሚቆጥረው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው፤ እዚያ ዜሮ ሰዓት ማለት አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ልክ ሰዓቱ ሲሞላ ወረፋው ስለሚበዛ፣ 17ኛዋን ደቂቃ ወይም ሌላ ማንም የማይመርጣትን ስጡት።