አላርሙ ይጮኻል፣ ሞተሩ ይሠራል

«የግራውንድ አላርሙ ይጮኻል፤ ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም። ልተወው?» ክረምት በገባ ቁጥር ባሕር ዳር ካሉ የሙያ ጓደኞቼ ይህን እሰማለሁ። ግራውንድ አላርም ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወደ መሬት ሲፈስ የሚያስጠነቅቅ ነው። አትተዉት። ጆሮ ካስቸገረ ድምፁን ዝጉት፤ ጥፋቱን መፈለግ ግን ዛሬውኑ ጀምሩ።

ሞተሩ ያልቆመው የትራንስፎርመሩ ኒውትራል (የሦስቱ ፌዞች መጋጠሚያ) ከመሬት ጋር የተያያዘው ከረንትን በሚገድብ ሬዚስተር በኩል ስለሆነ ነው። በ400 ቮልት መስመር ላይ 46 ኦም ሬዚስተር ካለ፣ አንድ ፌዝ የሞተሩን አካል ቢነካ ወደ መሬት የሚፈሰው 5 አምፔር ገደማ ነው። ለብሬከሩ (ከረንት ሲበዛ መስመሩን ለሚቆርጠው) ይህ ምንም አይደለም። አሁን እያንዳንዱን ፌዝ ከመሬት ጋር ለኩ። የተበላሸው ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የቀሩት ሁለቱ ከ230 ወደ 400 ቮልት ይወጣሉ። የእነዚያ ሁለት ፌዞች ኢንሱሌሽን (መከላከያ ሽፋን) ተጨንቋል። ከሁለቱ ፌዞች አንዱ ሌላ ቦታ ላይ መሬት ከነካ ፌዝ ከፌዝ ይገናኛል፤ ሬዚስተሩም አያድናችሁም።

ቦታውን ለማግኘት ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ክላምፕ ሜትሩ (ገመዱን አቅፎ ከረንት የሚለካው) ሦስቱንም ፌዝ አንድ ላይ ይቀፍ። ጤነኛ መስመር ላይ ዜሮ አካባቢ ያነባል። ፓኔሉ ፐልስ (ወደ መሬት የሚፈሰውን ከረንት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ምት) የሚሰጥ ከሆነ በተበላሸው መስመር ላይ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። እሱን ተከተሉ። ጥፋቱን ካለፋችሁ ከፍ ዝቅ ማለቱ ይቀራል። ፐልስ ከሌለ መስመሮቹን በየተራ አጥፉ፤ ቮልቱ ወደ 230 የተመለሰበት እሱ ነው።

ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ፓምፕ ላይ ጥፋቱን ያገኘሁት ተርሚናል ቦክሱ ውስጥ ነው። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ገመዱ የገባው ከላይ ነው፤ ዝናቡ እሱን ተከትሎ ገብቷል። ብሎኑ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ ከሥሩ የውኃ ጠብታ። አደረቅነው፣ ጎማውን ቀየርን፣ ገመዱንም ከታች አስገባነው። ከዚያ በ500 ቮልት ሜገር (ኢንሱሌሽን በሚለካው መሣሪያ) ለካን። ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ ሞተሩን አትመልሱት። ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) ካለው ደግሞ መጀመሪያ ገመዱን ከድራይቩ ንቀሉ፤ አለዚያ ሜገሩ ድራይቩን ያቃጥለዋል።

አላርሙ የሚጮኸው ድራይቭ ሲነሳ ብቻ ከሆነ፣ የውስጥ ፊልተሩ ከመሬት ጋር ተያይዞ ይሆናል። ፊልተሩን ከመሬት ለመለየት ማኑዋሉ የሚለውን ብሎን አውጡ።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ዝም ያለው አላርም ነው። አላርሙ ጸጥ ብሎ ሞተሮች ተከታትለው ከተቃጠሉ፣ ኃይል አጥፉና ሬዚስተሩን ለኩ። 46 ኦም ካላነበበና ሜትሩ ክፍት ካሳየ ተበጥሷል፤ ኒውትራሉም ከመሬት ተለይቷል። እንዲህ ባለ መስመር ላይ አንድ ፌዝ ብልጭ እያለ መሬት ሲነካ ቮልቱ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ሊወጣ ይችላል። ሬዚስተሩን ሳትቀይሩ አዲስ ሞተር አትግጠሙ።