ረቂቅዎን ለአሳታሚ ወይም ለሽልማት ከመላክዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ ጽፎ የጨረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማተሚያ ቤት ስንት እንደሚያስከፍል ነው። ጥያቄው ከረጅም ልማድ የመጣ ነው፤ በአገራችን ብዙ ደራሲ ገንዘቡን ራሱ አውጥቶ፣ ሽፋኑን ራሱ አሠርቶ፣ የታተሙትን ቅጂዎች ራሱ ተረክቦ ለገሃርና ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ላሉ አከፋፋዮችና መጻሕፍት መደብሮች ያስረክባል። ይህ ልማድ ብዙ ጥሩ መጻሕፍት ሰጥቶናል። ነገር ግን በደራሲውና በአንባቢው መካከል መቆም የሚገባውን አንድ ሰው፣ ማለትም ረቂቁን በጥሞና አንብቦ «ይህ ገና ነው» ለማለት የሚደፍረውን፣ አስቀርቶብናል። ረቂቅዎን ለግል አሳታሚ ወይም ለሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲልኩ የሚያገኙት ያንን ሰው ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶችም በአመዛኙ ስለ እርሱ ካለማሰብ የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ማተሚያ ቤትንና አሳታሚን አንድ አድርጎ ማየት ነው። አራት ኪሎ የሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅትም ሆነ ሌላ ማተሚያ ቤት የተሰጠውን ያትማል፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ረዘመ አጠረ፣ ገጸ ባሕርይዋ አሳመነች አላሳመነች አይመለከተውም። አሳታሚ ግን ረቂቁን የሚመርጥ፣ ገንዘቡን የሚመድብ፣ አርትዖት የሚያሠራ፣ ለሽያጭ የሚያቀርብና ቢከስርም ኪሳራውን የሚሸከም ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ «አሳታሚ» የሚል ስም ይዘው ወጪውን በሙሉ ከደራሲው የሚቀበሉ አሉ። ይህ በግልጽ እስከተነገረ ድረስ የአገልግሎት ሽያጭ ስለሆነ ነውር የለበትም። ጉዳቱ የሚመጣው ደራሲው ገንዘቡን ከፍሎ ሳለ መብቱንም አብሮ ሲፈርምላቸው ነው። ወጪውን የሸፈኑት እርስዎ ከሆኑ በተግባር አሳታሚው እርስዎ ነዎት፤ የታተሙት ቅጂዎችም ሆኑ ስለ ሁለተኛው ዕትም የሚሰጠው ውሳኔ በእጅዎ ሊቆዩ ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ከሁሉም የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም የመጀመሪያውን ረቂቅ እንደተጠናቀቀ ሥራ ቆጥሮ መላክ ነው። ብዙዎቻችን በእጅ ጽፈን ለኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እንሰጣለን፤ ጸሐፊዋ የተየበችውን ተቀብለን፣ የፊደል ግድፈቱን እዚህም እዚያም አርመን፣ ሥራው አለቀ እንላለን። አሳታሚው ዘንድ ያለው አንባቢ ግን በመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚያየው ሌላ ነገር ነው። በምዕራፍ አንድ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ በሚሆነው ምዕራፍ ሠላሳ ሞልቶት ይገኛል። ባልና ሚስቱ ያለ አንዳች ምክንያት በአንዱ ገጽ «አንተ»ና «አንቺ»፣ በሌላው «እርስዎ» ይባባላሉ፤ አማርኛ አንባቢ ደግሞ የሁለት ሰዎችን ቅርበትና ርቀት የሚለካው በዚህ ስለሆነ፣ ስህተቱ ከፊደል ግድፈት የከበደ ነው። የድሮ ሰው በንጉሡ ዘመን ቆሞ የዛሬ ልጆች በሚናገሩበት ቋንቋ ያወራል። እነዚህን የሚያገኛቸው ጊዜ ብቻ ነው። ረቂቁን ለጥቂት ወራት አስቀምጠው፣ አትመው በወረቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር ያንብቡት፤ ንግግሮቹን ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ከዚያም የማይዘመድዎትና የማይፈራዎት አንባቢ ይፈልጉ፤ ዘመድ ያመሰግናል፣ ወዳጅም ፊት አይቶ ይናገራል፤ ከእነርሱ የሚገኘው ምርቃት እንጂ አርትዖት አይደለም።

ስለ ሆሄያት አንድ ነገር ልጨምር። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ስለሚባሉት ሞክሼ ሆሄያት ሊቃውንቱ ሁልጊዜ አልተስማሙም፤ አሳታሚዎችም የተለያየ መመሪያ አላቸው። ስለዚህ ማንም ከእርስዎ አንድ የተለየ ምርጫ አይጠብቅም። የሚጠበቀው በአንድ ገጽ ላይ «ሥራ»፣ በሚቀጥለው «ስራ» እንዳይሆን ነው። የመረጡትን ይያዙ፤ ቃላቱን በዝርዝር ጽፈው ከጎንዎ ያስቀምጡና በፍለጋ አንድ በአንድ ያስተካክሉ።

ከይዘቱ ውጭ ረቂቅ የሚጥለው ቀላል የሚመስለው የፎንት ጉዳይ ነው። ቀደምት የሆኑት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ስለሆነ፣ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የሚታየው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ፣ ማለትም በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሆኖም ዛሬም በአሮጌው ፎንት የተተየቡ ረቂቆች አሉ፤ በተለይ ከብዙ ዓመት በፊት ተጀምረው በቅርቡ የተጠናቀቁት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከረቂቁ አንድ አንቀጽ ቀድተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት፣ አማርኛው እንዳለ ከታየ ዩኒኮድ ነው፣ የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ ግን ከመላኩ በፊት መቀየር አለበት። ከተቀየረ በኋላም እንደገና ይነበብ፤ በልወጣው ጊዜ አንዳንድ ሆሄያትና ሥርዓተ ነጥቦች ይሳሳታሉ። አሳታሚው በወርድ ከጠየቀ በወርድ፣ በፒዲኤፍ ከጠየቀ በፒዲኤፍ ይላኩ፤ ስዕል፣ ያጌጠ ክፈፍና በራስዎ የተሠራ ሽፋን አይጨምሩበት።

አሁን ወደ ሽልማቶቹ ልለፍ፤ ብዙ ድካም በከንቱ የሚቀረው እዚህ ነው። ስህተቱ ደንቡን ሳያነቡ በሽልማቱ ስም ብቻ ተስበው መላክ ነው። ሁሉም ሽልማት ረቂቅ አይቀበልም። ለምሳሌ በአገር ቤት ሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተቋቋመው ታትመው ለአንባቢ የቀረቡ መጻሕፍትን ለማወዳደር ነው፤ ያልታተመ ረቂቅ ይዞ መሄድ ትርጉም የለውም። ኢንተርናሽናል ቡከር በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በብሪታንያ ወይም በአየርላንድ የታተመን መጽሐፍ ይመለከታል፤ የሚያቀርበውም አሳታሚው ነው። የሽልማቱ 50,000 ፓውንድ ለደራሲውና ለተርጓሚው እኩል የሚከፈል ስለሆነ፣ ወደዚያ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥሩ ተርጓሚ ነው። የኬን ሽልማትም ያወዳድር የነበረው በእንግሊዝኛ የታተመ የአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ትርጉም አይከለከልም ነበር፣ ግን ትርጉሙ አስቀድሞ የታተመ መሆን ነበረበት።

ከሁሉ ይበልጥ ደጋግሞ ሰዎችን የሚያሳስተው የኮመንዌልዝ የአጭር ልብ ወለድ ሽልማት ነው። ተሳትፎው ነጻ ነው፣ ያልታተመ ሥራ ይቀበላል፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሰዎች ይወዳደሩበታል፤ ጎረቤታችን ኬንያ አለች፣ ኡጋንዳ አለች፣ ሩዋንዳም በ2009 እ.ኤ.አ. ገብታለች። ኢትዮጵያ ግን የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም፤ ሽልማቱም ለአባል አገራት ዜጎች ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት ብቻ ያለው ሰው ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያምር አይታይለትም። እንደዚሁም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተሳትፎ የሚሰጠው የኪስዋሂሊ ሽልማት ያልታተመ ረቂቅ ይቀበላል፤ ሆኖም የሚቀበለው በስዋሂሊ የተጻፈውን ብቻ ነው። የአማርኛ ገጣሚ በተቃራኒው የመጀመሪያ መድብላቸውን ላላሳተሙ አፍሪካውያን የተዘጋጀውን የሲለርማን ሽልማት ቢመለከት ተገቢ ነው፤ ሥራው በእንግሊዝኛ መቅረብ አለበት፣ ትርጉምም ይፈቀዳል። ስለዚህ አስቀድመው አራት ነገሮችን ይፈትሹ፤ ዜግነት፣ ቋንቋ፣ የታተመ ወይስ ያልታተመ፣ እና ማመልከቻውን የሚልከው ደራሲው ወይስ አሳታሚው።

በቃላት ቁጥር ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አማርኛ መስተዋድዱን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድ ግሥ ላይ ስለሚያጣብቅ፣ አንድ ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም የቃላቱ ብዛት በጣም ይጨምራል። በአማርኛው ቆጥሮ «በገደቡ ውስጥ ነኝ» ብሎ የሚያስብ ደራሲ፣ ተርጓሚው ሲጨርስ ገደቡን አልፎ ያገኘዋል። መቁጠር ያለበት የሚላከው ጽሑፍ ነው።

የዘመን አቆጣጠርና የሰዓት ልዩነት የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ የውጭ ሽልማት በ2025 የታተሙ መጻሕፍትን እቀበላለሁ ቢል፣ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ በመስከረም 2017 የወጣ መጽሐፍ ከዚህ ውጭ ነው። በመጽሐፉ የመብት ገጽ ላይ «2017» ብቻ ታትሞ ከሆነ ደግሞ የውጭ አገር ዳኛ መጽሐፉን የስምንት ዓመት አሮጌ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ዓመተ ምሕረት ጎን ለጎን ማሳተም ይበጃል። የመዝጊያ ሰዓቱ የለንደን 5 ፒ.ኤም. ከተባለ፣ በእነርሱ ክረምት አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ በእነርሱ በጋ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ያም ሆኖ እስከዚያ ደቂቃ መጠበቅ አይገባም፤ መብራትና ኢንተርኔት በዚያች ሰዓት ላይ እንደማይጠፉ ማንም ዋስትና አይሰጥም።

አጭር መግለጫ ሲጠየቁ መጨረሻውን አይደብቁ። በመጽሐፍ ጀርባ ላይ አንባቢን ለመሳብ ታሪኩን አንጠልጥሎ መተው የተለመደ ነው፤ አሳታሚው ግን ታሪኩ እንዴት እንደሚቋጭ ማወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ገንዘቡን የሚያወጣው በአጀማመሩ ብቻ ተማርኮ አይደለም። በደብዳቤዎ ውስጥ ደግሞ ሥራው «በአገራችን ታይቶ የማይታወቅ» መሆኑን አይግለጹ፤ ስለ ምን እንደሆነ፣ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ቀደም ሲል ምን እንዳሳተሙ በአንድ ገጽ ይጻፉ። የታዋቂ ሰው አስተያየት፣ ረጅም ምስጋናና መታሰቢያነት የሚገቡት መጽሐፉ ሲታተም ነው። ዳኞቹ የደራሲውን ስም ሳያውቁ የሚያነቡበት ውድድር ከሆነም ስምዎ በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ፣ በፋይሉ ስም፣ በፋይሉ ባሕርይ መግለጫ (Properties) ውስጥም ጭምር እንዳይቀር ያረጋግጡ።

ለአድናቆት ሲሉ ልብ ወለዱን ምዕራፍ በምዕራፍ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚያወጡ ደራስያን ሌላ ዋጋ ይከፍላሉ። ብዙ ሽልማቶች በኢንተርኔት የወጣን ሥራ እንደታተመ ይቆጥሩታል፤ በኋላ ማጥፋቱም ሁኔታውን አይለውጠውም። ለአንባቢ ማቅመስ ከፈለጉ ወደ ውድድር የማይልኩትን ሥራ ይምረጡ። አንድን ረቂቅ ለብዙ አሳታሚ በአንድ ጊዜ መላክ በራሱ ስህተት ባይሆንም ይህንን ለሁሉም ማሳወቅና አንዱ ሲቀበል ሌሎቹን ወዲያው ማስታወቅ ግዴታ ነው።

በመጨረሻም ብዙዎች ሊፈሩት የማይገባውን ይፈራሉ፣ ሊፈሩት የሚገባውን ደግሞ አይፈሩም። ደራሲው ረቂቄ ይሰረቃል ብሎ ይሰጋል፤ ስለዚህም ሙሉውን አይልክም ወይም ከመላኩ በፊት የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (ISBN) ፍለጋ ወደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር ይሄዳል። የመለያ ቁጥሩ የሚያስፈልገው ለኅትመት ነው፣ ለረቂቅ ጥበቃ አይሰጥም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጅ መብት የሚገኘው ሥራው ሲፈጠርና ግዙፍነት ሲያገኝ፣ ማለትም በወረቀት ወይም በፋይል ላይ ሲሰፍር ነው፣ ያለ ምዝገባ፤ የኢኮኖሚ መብቱም በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ስለሆነም የጻፉባቸውን ቀኖች የሚያሳዩ ፋይሎችና የላኩበትን ኢሜይል በጥንቃቄ ያስቀምጡ።

ሊሰጉበት የሚገባው ግን በደስታ ተውጠው ሳያነቡ የሚፈርሙት ውል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማሳተም ውል የሚደነግግ ክፍል አለው፤ ሆኖም ውሉ ራሱ በግልጽ ካላስቀመጠው ነገር ብዙ ክርክር ይነሣል። የሚታተመው ስንት ቅጂ ነው? ስንት ዕትም ነው የተፈቀደው? ክፍያው ከሽፋን ዋጋ በመቶኛ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ? የሽያጭ ሪፖርት በየስንት ወሩ ይቀርባል? የትርጉም፣ የድምፅ መጽሐፍና የፊልም መብት ለማን ነው? አሳታሚው መጽሐፉን እስከ መቼ ካላወጣ መብቱ ይመለሳል? የእነዚህ መልስ በጽሑፍ ከሌለ ፊርማው ይቆይ፤ ቅን አሳታሚ ውሉን ወደ ቤት ወስደው ሕግ ለሚያውቅ ሰው እንዲያሳዩት ጥቂት ቀናት ለመስጠት አይከፋም።