የአጋዘን ጥይት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መላው

አጋዘኑ ተመትቶ ሲያመልጥ ወይም ወርቹ ተበልሻሽቶ ሲገኝ ቶሎ የሚወቀሰው የጥይቱ ማርካ ነው። ማርካው ከመቀየሩ በፊት ግን አረሩ እንስሳው ላይ ሲያርፍ ፍጥነቱ ስንት እንደነበር ይጣራ። ያው አረር በ50 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ሥጋ አበለሻሽቶ፣ በ350 ያርድ ሳይከፈት ሊያልፍ ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ ለነጭ ጭራ አጋዘን እጅግ የተለመደውን .308 ዊንቸስተር የተባለ የጥይት ዓይነት እንውሰድ። ባለ 150 ግሬን፣ ማለትም 9.7 ግራም የሆነ ተራ የእርሳስ አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ 2,820 ጫማ በሰከንድ ይሄዳል። 100 ያርድ ላይ 2,530፣ 200 ላይ 2,260፣ 300 ላይ 2,010፣ 400 ላይ 1,775 ገደማ ይቀረዋል። ጫፉ ላይ እርሳሱ የሚታየው ሶፍት ፖይንት በደንብ ለመከፈት ወደ 1,800 ይፈልጋል፤ ሙሉ መዳብ ከሆነ ብዙ ጊዜ 2,000 አካባቢ። ካርቶኑ ላይ የታተመው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በ24 ኢንች በርሜል የተለካ ነው። በርሜሉ ባጠረ ቁጥር በየኢንቹ 25 ጫማ ያህል ይጠፋል። ስለዚህ ባለ 16 ኢንች ጠመንጃ የያዘ ሰው ከላይ ካሉት ርቀቶች 70 ያርድ ያህል ይቀንስ።

መግቢያውም መውጫውም ጠባብ፣ ደሙ ጥቂት፣ አጋዘኑ ሩቅ ሄዶ ተገኘ

አረሩ አልተከፈተም፤ ወስፌ እንደወጋው ጠባብ ቀዳዳ ትቶ አልፏል። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ፉል ሜታል ጃኬት፣ ማለትም ጫፉም ጭምር በብረት የተሸፈነ አረር መተኮስ ነው። ይህ ለኢላማ ልምምድ የተሠራ ስለሆነ ሥጋ ውስጥ እንዲሰፋ አልታሰበም፤ በብዙ ግዛቶችም ለአደን የተከለከለ ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ወደ ጫካ ይዞት የሚሄድ ሰው አሁንም አይጠፋም።

ሁለተኛው የመዳብ አረር ከሚችለው ርቀት በላይ መተኮስ ነው። አረር አምራቹ ባርነስ በ1989 ኤክስ የተባለውን አረር ካወጣ ወዲህ ሙሉ መዳብ እየተስፋፋ መጥቷል። ካሊፎርኒያም ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን የእርሳስ ጥይትን ስለከለከለች፣ ብዙ አዳኝ ወዶም ተገዶም ወደ መዳብ ዞሯል። ስህተቱ የሚመጣው የለመዱትን ክብደት እንዳለ ይዞ ሲዞሩ ነው። መዳብ አይቆራረስም፤ ከክብደቱ 95 ከመቶውንና ከዚያ በላይ ይዞ ስለሚሄድ ጥልቀት አያጣም። የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው። በ.308 በ165 ወይም በ180 ግሬን እርሳስ ፋንታ የ130 ወይም የ150 ግሬን መዳብ ይመረጥ። ርቀቱም ፍጥነቱ ከ2,000 በማይወርድበት ላይ ይገደብ። ፕላስቲክ ጫፍ ያለው መዳብ አፉ ክፍት ከሆነው ይልቅ ቶሎ ይከፈታል።

ሦስተኛው ኤልክና ሙስ ለተባሉት ግዙፍ የአጋዘን ዓይነቶች የተሠራ ጠንካራ አረር 60 ኪሎ አጋዘን ላይ መጠቀም ነው። የጎድኑ ስፋት ትንሽ ስለሆነ አረሩ ሰፍቶ ሳይጨርስ ይወጣል። ካርቶኑ ላይ የእንስሳው ምስል የሚታተመው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ወርቹ ደም ቋጥሮ ተበልሻሽቷል፣ መውጫ ቀዳዳ የለም

ይህ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ስስ አረር በከፍተኛ ፍጥነት ቅርብ ርቀት ላይ አርፏል። ባለ 180 ግሬን .300 ዊንቸስተር ማግነም የተባለው ኃይለኛ ጥይት ከአፈሙዝ 2,960 ጫማ በሰከንድ ይነሳል። ተራ አረር በዚህ ፍጥነት 40 ያርድ ላይ የወርች አጥንት ሲያገኝ ሽፋኑና እርሳሱ ይለያያሉ። ለጥንቸልና ለቀበሮ የተሠራ አረር ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ላይ ላዩን ፈንድቶ ሳንባ ሳይደርስ ይቀራል።

መፍትሔው እርሳሱ ከመዳብ ሽፋኑ ጋር የተጣበቀበትን ቦንድድ አረር መግዛት ነው። ተራው ከክብደቱ ከ50 እስከ 70 ከመቶ ይዞ ሲቀር፣ ቦንድድ 80 ከመቶና ከዚያ በላይ ይይዛል። ኖስለር የተባለው አምራች ፓርቲሽን የሚለው አረር በሌላ መንገድ ይሠራል፤ በመሃሉ የመዳብ ግድግዳ ስላለው የፊቱ ግማሽ ቢበተን እንኳ የኋላው ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ጥይት ሳይቀየር የሚረዳ ነገርም አለ፦ እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ከወርቹ ኋላ፣ ከደረቱ ቁመት ዝቅተኛው ሲሶ ላይ ማነጣጠር። እዚያ ከጎድን አጥንት በቀር የሚያግድ የለም፤ የሚበላሽ ሥጋም ጥቂት ነው።

ሥጋውን በተመለከተ፦ የእርሳስ ብናኝ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ስለሚረጭ ደም የቋጠረው ብቻ ተቆርጦ አይበቃም፤ በዙሪያው ያለው ደህና የሚመስል ሥጋም በልግስና ይጣል። የተፈጨና የተከተፈ ሥጋ ውስጥ ብናኙ በዓይን አይለይም፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባሉበት ቤት መዳብ ቢመረጥ ይሻላል። የዱር ሥጋን በጥሬው ለክትፎ ማሰብ ግን በየትኛውም አረር አይመከርም።

አንድ ላይ ይመታ የነበረው ጠመንጃ በተነ

አዲስ ዓይነት ጥይት ከተገዛ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በርሜሉ ውስጥ የቀረው የመዳብ ዝቃጭ ነው። በተለይ ከተራ አረር ወደ ሙሉ መዳብ ሲዞር ይታያል። መዳብ በሚያወጣ ማጽጃ የተነከረ ጨርቅ ይለፍ፤ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ መዳብ አለ ማለት ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደገም፣ በርሜሉ ይድረቅ፤ ከዚያ ከአዲሱ ጥይት ከ3 እስከ 5 ተተኩሶ ስኮፑ እንደገና ይስተካከል። ክብደቱ እኩል ስለሆነ ብቻ ሁለት ዓይነት ጥይት አንድ ቦታ ይመታል ማለት አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ቀዳዳው ሞላላ ነው

አረሩ በጎኑ እየተንከባለለ ደርሷል። የበርሜሉ ጥምዝ፣ ማለትም አረሩን የሚያሽከረክረው በውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ፣ ለአረሩ ርዝመት አይበቃም። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር ይረዝማል፤ የሚፈልገውም ፈጣን ጥምዝ ነው። ጥምዙ በ12 ኢንች አንዴ የሚዞር የቆየ .223 ጠመንጃ የ55 ግሬን አረር ያስተካክላል፣ ረጃጅሞቹን አይችልም። ቀለል ያለ አረር መግዛት በቂ ነው። ቨርጂኒያ ያለ ሰው በዚህ መድከም የለበትም፤ እዚያ ለአጋዘን ከ.23 በታች ካሊበር (የአረሩ ውፍረት በኢንች) አይፈቀድም።

ተመትቷል፣ ግን የለም

እዚህ ጥይቱን ከመክሰስ በፊት ደሙ ይታይ። ደማቅ ቀይና አረፋ ያለው የሳንባ ነው፤ 30 ደቂቃ ጠብቆ ፍለጋ ይጀመራል። ጠቆር ያለ ቀይ ጉበት ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ይጠበቃል። አረንጓዴ ፈርስ ከተቀላቀለበትና ከሸተተ ሆዱ ተመትቷል፤ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይነካ ይተው። ቶሎ ከተከተሉት ይነሳና ይርቃል። ሆድ ላይ ያረፈ አረር የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አያድንም።

ከመውጣት በፊት ለመፈተን

ባለ አንድ ጋሎን የፕላስቲክ ጀሪካኖች ውሃ ተሞልተው ከ6 እስከ 8 በአንድ መስመር፣ ሳይራራቁ ይደርደሩ፤ ከኋላቸው የአፈር ግድብ የግድ ነው። ርቀቱ ሊተኮስበት የታሰበው የመጨረሻው ርቀት ይሁን፤ በ25 ያርድ የሚደረግ ፈተና የሚያሳየው የአፈሙዝ ፍጥነትን ነው። የቆመው አረር ይመዘን፦ ከ150 ግሬን 96 ቢቀር 64 ከመቶ ነው። ስፋቱም ይለካ፤ 7.8 ሚሊሜትር የነበረው 14 እና 15 ከደረሰ በደንብ ተከፍቷል። ውሃ ግን አጥንት የለውም። ስለዚህ ወደ 300 ኪሎ ለሚጠጋ ኤልክ፣ ወይም ባሌና አርሲ ውስጥ በፈቃድ ለሚታደነው ወንድ የደጋ አጋዘን፣ ውሃው ላይ ከ60 ከመቶ በታች ይዞ የቀረ አረር ባይመረጥ ይሻላል።