የግብፅ የድንጋይ ማሰሮ ሙዚየም ውስጥ ስታዩ እነዚህን ስህተቶች ባትሰሩ

ቲክቶክ ላይ የጥንት ግብፅ የድንጋይ ማሰሮ በወጣ ቁጥር ኮመንት ላይ የሚጻፈው ያው ነው፣ እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

ዋናው "መዳብ እንዴት አድርጎ ግራናይት ይቆርጣል? ይሄ የሰው ስራ አይደለም" የሚሉት ነገር ነው። መዳብማ አይቆርጠውም፣ የሚቆርጠው አሸዋው ነው። የመዳብ ቱቦ እንጨት ላይ ይሰኩና ከላይ ድንጋይ አስረው ያከብዱታል፣ ከስር ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ ማዕድን ያለው አሸዋ እየጨመሩ ሲያዞሩት አሸዋው እየፈጨ ይወርዳል፣ መሀል የቀረውን ድንጋይ ሰብረው ያወጡታል፣ ከዛ አፉ ጠባብ ሆኖ ሆዱ እንዲሰፋ ደሞ ወገቡ ቀጠን ያለ የድንጋይ መሰርሰሪያ አስገብተው ጎን ጎኑን ይፍቁታል። ጊዜ ይፈጃል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ግምት እንዳይመስላችሁ፣ ባለሙያዎቹ ሲሰሩ መቃብር ግድግዳ ላይ ተቀርጸዋል፣ ያላለቁ ማሰሮዎችም ተገኝተዋል፣ ዴኒስ ስቶክስ የሚባል ተመራማሪም በመዳብ ቱቦና በአሸዋ ግራናይት ሰርስሮ አሳይቷል። ስለዚህ የውጪውን ልስላሴ ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ከቻላችሁ አንገታችሁን ዘንበል አድርጋችሁ ውስጡን እዩት፣ ብዙዎቹ ላይ መሰርሰሪያው የተወው ክብ ክብ መስመር አለ።

ሁለተኛ፣ ማሰሮው የተገኘበትን መቃብር ዘመን ለማሰሮው መስጠት። ሳቃራ የሚባል የመቃብር ቦታ ላይ የንጉስ ጆሰር ፒራሚድ ስር 40,000 ገደማ የድንጋይ ዕቃ ተገኝቷል፣ ጽሁፍ ካላቸው ብዙዎቹ ላይ ግን የተጻፈው ከሱ በፊት የነበሩ የ1ኛውና የ2ኛው ስርወ መንግስት ነገስታት ስም ነው። ጆሰር የወረሰውን ነው የቀበረው።

ያየነውን ማሰሮ ሁሉ "የሙሚ ሆድ ዕቃ ማስቀመጫ" ማለትም አለ። እነሱ አራት አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት፣ ለጉበት ለሳንባ ለጨጓራ ለአንጀት፣ ልብ ደሞ እዛው ሬሳው ውስጥ ነው የሚተወው። አብዛኛው የድንጋይ ዕቃ ግን የዘይት፣ የቅባት፣ የምግብ ነው፣ ማቴዎስ 26 ላይ ሴትየዋ ሽቶ የያዘችበትን የአልባስጥሮስ ብልቃጥ አስቡት። ቅባቱ ራሱ ውድ ስለነበር የንጉስ ቱታንኻሙን መቃብር የገቡ የጥንት ሌቦች ማሰሮውን ትተው ቅባቱን በእጃቸው ዝቀው ሄደዋል፣ ሃዋርድ ካርተር የሚባል አርኪዮሎጂስት መቃብሩን በ1922 እ.ኤ.አ. ሲያገኘው የጣታቸው ምልክት ሳይቀር ነበር።

በመጨረሻ፣ "ኦሪጅናል ነው" ተብላችሁ እንዳትገዙ። የግብፅ የ1983 እ.ኤ.አ. ህግ ቁጥር 117 የቅርስ ንግድ ከልክሏል፣ ስለዚህ እዛ አገር የሚሸጥላችሁ ወይ ፌክ ነው ወይ ችግር ነው። ካማራችሁ ሉክሶር ከተማ ከናይል ምዕራብ ዳር ዛሬም አላባስተር (ያው አልባስጥሮስ) በእጅ የሚጠርቡ ወርክሾፖች አሉ፣ አዲስ መሆኑን አውቃችሁ ከነሱ ግዙ።