የጀልባ ሞተር ሲቆራርጥ፦ «አልቆለታል» ከማለታችሁ በፊት

ጣና ላይ፣ ክብራን ገብርኤልን በቀኝ ትተን ወደ ዘጌ ስናቀና ነው የጀመረው። ሙሉ ጋዝ ሰጥቼው ይሄድ የነበረው ሞተር ድንገት ድምፁ ወፈረ። የጀልባዋ አፍንጫ ወረደ። አንድ ወጥ የነበረው ጩኸት ተሰባብሮ «ድድ… ድ… ድድ» ሆነ። 11 ሰው ይዣለሁ። ከመካከላቸው ለኪዳነ ምሕረት ስለት የሚያደርሱ እናቶች አሉ። አንዷ «ልጄ፣ ምን ሆነ?» አሉኝ። «ምንም የለም እማማ፣ ትንሽ ቀስ እንላለን» አልኳቸው። ጋዙን ቀንሼ ከሁለቱ ሲሊንደሮች፣ ማለትም ቤንዚኑ ከሚቃጠልባቸው ክፍሎች፣ በአንዱ ብቻ እየተጎተትን ደረስን።

በማግስቱ አንድ መካኒክ 10 ደቂቃ አየውና «ይሄ አልቆለታል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። አልገዛሁም። ያ ሞተር ከዚያ በኋላ 4 ዓመት ሠራ። ከሱ ቀጥሎ የያዝኩትን ሞተር ደግሞ ራሴ መርምሬ፣ ራሴ «በቃ» ብዬ ቀየርኩት። ሁለቱን ለይቼ ያወቅሁበትን መንገድ ነው የምጽፍላችሁ። የኔ ሞተሮች ባለ40 ፈረስ፣ ባለሁለት ሲሊንደር፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅላቸው ባለሁለት ስትሮክ ናቸው። የናንተ ሌላ ዓይነት ቢሆንም የምርመራው ቅደም ተከተል ብዙም አይለወጥም።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። መቼ ነው የሚቆራርጠው? ቀስ ብሎ ሲሄድ ብቻ ከሆነ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) እና ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን) ጠርጥሩ። ጭነት ሲበዛበትና ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ከሆነ ቤንዚን እያነሰው ሊሆን ይችላል። 20 ደቂቃ ደህና ሄዶ ሲግል የሚጀምረው ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩን እዩ። ይህን በደንብ የመለሰ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

መጀመሪያ ወደ ቤንዚኑ። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ብሎን ተከፍታለች? ተዘግታ ከቀረች ታንኩ አየር ያጥረውና ሞተሩ የሚስበው ያጣል። ለዚህች ብሎን ብሎ ካርቡራተር ያስፈታ ሰው አውቃለሁ። ቀጥላችሁ ሞተሩ እየቆራረጠ ሳለ በቱቦው መሃል ያለችውን የጎማ ፓምፕ በእጃችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። ወዲያው ከተስተካከለ ችግሩ የሞተሩ ቤንዚን ፓምፕ፣ የተዘጋ ፊልትሮ ወይም አየር የሚስብ ቱቦ ነው።

ውሃ የገባበት ቤንዚንን ለመለየት ንጹሕ ሃይላንድ ይበቃል። ከታንኩ ሥር ቀድታችሁ ሃይላንዱን ዘንበል አድርጋችሁ አቁሙት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ውሃ ካለው ታች ጥግ ላይ ተንከባሎ ይሰበሰባል፤ እንደ መስተዋት የጠራ፣ ከላዩ ካለው ቤንዚን በቀጭን መስመር የተለየ። ቤንዚን ሲጠፋ በየመንገዱ በጀሪካን የገዛነው ሁሉ እንዲህ መታየት አለበት። ውሃ ካገኛችሁ ታንኩን ብቻ አራግፋችሁ አትተዉት። የካርቡራተሩንም ሥር ፍቱና አፍስሱ፤ ትንሽ ጠብታ እዚያ ተቀምጣ ለሳምንት ታስቸግራለች።

አሁን ካንዴላዎቹን ፍቱ። የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ምልክት አድርጉ። ቀለሙ ብዙ ይናገራል። ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ቤንዚን እያነሰው ነው፤ ይህ ፒስተን የሚበሳ ነገር ስለሆነ ሳታስተካክሉ አትሂዱ። አንደኛው እንደታጠበ ንጹሕ ሆኖ ሌላኛው ከጠቆረ፣ በንጹሑ ሲሊንደር ውሃ እየገባ ሊሆን ስለሚችል የቴስታታውን (የሲሊንደሩን የላይኛ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ጠርጥሩ። ጥቁር፣ እርጥብና ቅባታም ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቶበታል፣ ወይም ጨርሶ እሳት አያገኝም።

ጥቁሩን በሚመለከት ጣና የራሱ ጉዳይ አለው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የካርቡራተሩ ጀት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባት የነሐስ ቀዳዳ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ለባሕር ጠረፍ የተመጠነች ናት። ስለዚህ እዚህ አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ይበዛል። እንግዳ ይዘን ወፍ እያሳየን ቀስ ብለን ስንውል ካንዴላው ጥላሸት ይለብስና መቆራረጥ ይጀምራል። መድኃኒቱ አነስ ያለ ጀት ማስገባት ነው። ዘይቱንም በዓይን አትገምቱ። የሞተሩ መመሪያ 50 ለ1 ካለ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ነው፤ «ትንሽ ይጨመርበት፣ አይጎዳም» የሚሉትን አትስሙ።

የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ለማወቅ ሞተሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አስገቡት። በደረቅ ፈጽሞ አታስነሱ፣ የውሃ ፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአንዱን ሲሊንደር የካንዴላ ኮፍያ ነቅላችሁ ትርፍ ካንዴላ ላይ ሰኩ፤ ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ። ከዚያ አስነሱ። ሞተሩ እየሠራ ኮፍያውን በእጅ ብትነቅሉ ኤሌክትሪክ ይነዝራችኋል፣ የእሳት ሳጥኑንም (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን) ሊያበላሽ ይችላል። በቀረው ሲሊንደር ብቻ ደህና ከሄደ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነው። ካልተነሳ ወይም ተነስቶ ከጠፋ በሽተኛውን አገኛችሁ። ቀጥሎ ካንዴላዎቹን አቀያይሩ። በሽታው ከካንዴላው ጋር ወደ ሌላኛው ሲሊንደር ከሄደ ጥፋተኛው ካንዴላው ነው። ካልሄደ፣ ቦቢናዎቹ (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት) ለየሲሊንደሩ ለየብቻ ከሆኑ እነሱንም እንዲሁ አቀያይሩ።

የመጀመሪያው ሞተሬ ችግር የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ሲሆን ሁለቱም ይሠራሉ። ስለዚህ በርሜል ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስነስቼ ጠበቅኩ። መሽቶ ስለነበር ክዳኑን ከፍቼ መብራት አጠፋሁ። ሞተሩ እየጋለ ሲሄድ ከላይኛው ቦቢና ጎን እንደ ፀጉር የቀጠነች ሰማያዊ እሳት ወደ ብረቱ ትዘል ጀመር። በዘለለች ቁጥር ሞተሩ ይቆራርጣል። ቦቢናው ተሰንጥቆ ኖሯል። ስንጥቋ በቀን አትታይም። አንድ ቦቢና ተቀየረ፣ በቃ። እናንተ ቦቢናውም ደህና ከሆነባችሁ የማጥፊያውን ሽቦ ለሙከራ ብቻ ንቀሉ። መቆራረጡ ከቀረ ዝገት የበላው የማጥፊያ ቁልፉ ነው። ሽቦው ተነቅሎ ሳለ ሞተሩን የምታጠፉት የአየር መዝጊያውን ስባችሁ ነው። ሽቦውን ሳትመልሱ ሰው እንዳትጭኑ።

ታዲያ ያ መካኒክ ለምን «አልቆለታል» አለ? ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀውን አየር ግፊት፣ ለክቶ ነበር። 94 እና 92 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አነበበ። ከ100 በታች ሲሆን የሞተ ነው ብሎ ተምሯል። ደንቡ ለባሕር ጠረፍ ጥሩ ነው። ግን እዚያ 120 ፒኤስአይ የሚያነብ ሞተር እዚህ ከ95 እስከ 100 ነው የሚያነበው፤ የሚጨመቀው አየር ራሱ ከመነሻው ያነሰ ነውና። በዚህ ምክንያት ስንት ጤነኛ ሞተር ለቁራሌው ዋጋ እንደተሸጠ ሳስብ ያናድደኛል። ከፍታ ላይ ዋናው ነገር በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። እስከ 10 በመቶ ሰላም ነው። ከ15 በመቶ ካለፈ አንደኛው ታሟል።

ስትለኩ ሁለቱንም ካንዴላ አውጡ፣ ኮፍያዎቹን ከብረት ጋር አገናኙ፣ ጋዙን ሙሉ ክፈቱ። ከዚያ መለኪያው መጨመር እስኪያቆም 5 ወይም 6 ጊዜ ገመዱን በእኩል ኃይል ሳቡ። አንዱ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበት ወይም ግድግዳው ተበልቷል። ካልተነቃነቀ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ፤ እሱ ቀላል ወጪ ነው።

ሁለተኛው ሞተሬ 90 እና 55 አነበበ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ወደ ጎርጎራ ስንሄድ እምቦጭ ውስጥ ገባን። አረሙ የውሃ መሳቢያውን ሸፈነው፤ የማቀዝቀዣው ውሃ የሚወጣባት ቀጭን ፍሰት ቆማ እኔ ፊት ፊቱን እያየሁ ነበር። ቴስታታው ሲፈታ ጥፍሬን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ሳሳልፍ ጭረቱ ጥፍሬን ያዘኝ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት በቀለበት ቅያሪ አይድንም። ሲሊንደሩን አስፍቶ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን መግጠም ይጠይቃል። የኔ ግን ከመግዛቴ በፊት በ0.50 ሰፍቶ ነበር፤ የሚቀጥለው መጠን አልተገኘለትም። የታችኛውን የጥርስ ሳጥን (ማርሹ ያለበትን) ዘይት ሳፈስስ ደግሞ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ ውሃ ገብቶበታል። ያን ዕለት ወሰንኩ።

የምወስነው እንዲህ ነው። ችግሩ ቤንዚን፣ ካንዴላ፣ ቦቢና ወይም ጓርኒሲዮን ከሆነ ሁልጊዜ አሠራለሁ። አንድ ሲሊንደር ተበልቶ ማስፋት የሚቻል ከሆነ ዋጋውን ጠይቄ፣ በዚሁ ዕድሜ ያለ ደህና ሞተር ከሚሸጥበት ግማሽ ካላለፈ አሠራለሁ። ማስፋት የማይቻል ከሆነ፣ ወይም ከሲሊንደሩ ጋር የጥርስ ሳጥኑም አብሮ ከሄደ እቀይራለሁ። ዓሣ ለማጥመድ ብቻዬን ብወጣ ኖሮ ምናልባት እታገሥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ፣ ማዕበሉ ጎን ሲመታ፣ 11 ሰው ይዞ በአንድ ሲሊንደር መገኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

ባለአራት ስትሮክ ልግዛ ለምትሉ፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን በዚሁ ጉልበት ከ20 ኪሎ በላይ ይከብዳልና መጀመሪያ የጀልባችሁን የኋላ ሳንቃ አስፈትሹ። በኮምፒውተር ቤንዚን የሚመጥነው ከሆነ ለከፍታው ራሱን ያስተካክላል፤ ውሃ ላለው ቤንዚን ግን ከካርቡራተሩ ይልቅ ስስ ነው።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት መለኪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስትደርሱ እጃችሁን ቴስታታው ላይ አድርጉ። ሞቆ ካገኛችሁት ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል፤ የጠዋት ችግሩን አታዩትም። «ነገ ቀዝቃዛውን ላየው» ብላችሁ ተመለሱ፤ ጠዋት ገመዱን 3 ጊዜ ስባችሁ ካልተነሳ ለምን እንደሆነ ሳታውቁ ብር አትቁጠሩ።